ሽጉጥ ተረካቢዋ እትዬ ቁምሳጥን

የሆስፒታላችንን በር ያለፈ ሁሉ እትዬ ቁምሳጥንን ያውቃታል። ስሙ የወጣላት ከጀርባዋ ከቆመው ግራጫ የብረት ቁምሳጥን የተነሣ ነው፤ ትከሻዋን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አይጠይቅም። ራሷም ስሙን ታውቀዋለች። «ከሁለታችን አፉን መዝጋት የሚችለው እሱ ብቻ ነው» እያለች ትስቃለች።

ሥራዋ የጠያቂዎችን መሣሪያ መረከብ ነው። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሽጉጥ ከታጠቀ እሷ ዘንድ አስቀምጦ፣ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ተቀብሎ ይገባል፤ ሲወጣ ቆርቆሮውን መልሶ ዕቃውን ይወስዳል። ቀድሞ እዚያው ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። እንፋሎቱ ደረቷን ሲያስቸግራት ወደ በሩ አዛወሯት። ዕድሜዋን ሙሉ ሽጉጥ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ዛሬ ጥይቱ ካልወጣ አትረከብም፤ አፈሙዙ ወደ ግድግዳ ካልዞረ ሰላምታ እንኳ አትመልስም። አንድ ባለ ከረባት የተወለወለ ሽጉጡን ኮራ ብሎ ቢያስቀምጥላት፣ ለዚህ የደከመውን ያህል ለጫማው ቢደክምለት ይሻለው እንደነበር ነግራው፣ ሰልፈኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ያን ሰሞን የሰው ወሬ ሁሉ ሰው መሣሪያ መያዙን የሚያጠብቀው አዲሱ ረቂቅ ሕግ ነበር። እሷ ሕጉን አጥብቃ ትቃወማለች። ቤታቸው ሌባ የገባ ጊዜ የደረሰላቸው የጎረቤት ጠመንጃ ነዋ! ሌባ ሕግ አንብቦ አይሰርቅም ባይ ናት። አብሯት የሚኖረው አስተማሪ ወንድሟ ደግሞ ያው ጎረቤት ጠጥቶ በገባ ቁጥር በዚያው ጠመንጃ ሚስቱን እንደሚያስፈራራ ያስታውሳታል። እንዲህ ሲጨቃጨቁ ምሳው ይቀዘቅዛል። ከሁሉ ያናደዳት ግን አንዱ አንቀጽ ነው፤ የባለቤቱ ሁኔታ ካሠጋው ተረካቢው መሣሪያውን እስከ ማግስቱ ማቆየት ይችላል ይላል። የሰውን ልብ በምን ልትመረምር ነው? በኪሎ ሚዛን?

በዚህ መሐል ነው የአንድ ረጅም ሾፌር ነገር የመጣው። ታናሽ ወንድሙ በጭነት ወረፋ ተጣልቶ በጩቤ ተወግቶ ተኝቷል። የወጋው ሰው በዋስ ተለቆ፣ ከሆስፒታሉ በስተቀኝ ባለው ጋራዥ ሥራውን ይሠራል። ሾፌሩ ጠዋትና ማታ ይመላለሳል፤ ሽጉጡን ሲያስረክብ ከእትዬ ቁምሳጥን ጋር ሳይቀላለድ አያልፍም። ቁመቱን አይታ፣ አንተ በር ላይ መቆም የለብህም፣ በአጥሩ ላይ አጎንብሰህ ጠይቅ ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ሞተ። ሾፌሩ ከውስጥ ሲወጣ አላለቀሰም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ዕቃውን ጠየቀ። ቁልፉ ከአለቃዋ ጋር እንደሆነ ነገረችው። ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱም ያየዋል።

«እትዬ፣ ሕጉ ገና አልጸደቀም» አላት ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም አልደግፈውም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ አልሰጥህም።»

ሰልፉ ተንጫጫ። አንዱ የሰው ንብረት በምን ሥልጣን ትይዣለሽ አለ፤ ሌላው ደግሞ እጇ ይባረክ አለ። ሾፌሩ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከአንገቷ አልነቀለም። እሷም ክሩን በእጇ ጨብጣ ተቀመጠች። በመጨረሻ እናቱ በሰው ተደግፈው ሲወጡ ተነሣ። ቆርቆሮውን መልሶ ኪሱ ከተተና እናቱን አቅፎ ሄደ።

በማግስቱ ሲመጣ አለቃዋ ቀድሞ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሟል፤ ሾፌሩ አቤት ብሏል። አለቃው በምን መብት እንደከለከለችው ጠየቃት። መብት እንደሌላት መለሰች። ቁምሳጥኑን ከፍታ ሽጉጡን አስረከበች።

«ዛሬስ ምን የተለየ ነገር አየሽብኝ?» አላት ሾፌሩ።

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ያው ያልተላጨ ጺም፣ ያው ያላለቀሰ ዓይን ነው።

«ምንም» አለችው።

ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጠ። ግን ወዴትም መሄድ አልቻለም፤ የመጣው የወንድሙን አስከሬን ሊያወጣ ነው፣ በመሣሪያ ደግሞ አይገባም። ከወገቡ መልሶ መዘዘና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አለቃው ወደ ጣሪያው አየ። እሷ ቆርቆሮ ሰጠችው። እሷና አለቃዋ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ሲወጣ እንደገና ይጠይቃታል።

እሱ ውስጥ እያለ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ አለቃዋን አስያዘችው፤ ቀብር እንዳለባት ነገረችው። ሟቹ ምንሽ ነው ቢላት፣ ሻርፗን አጣፋች።

የሬሳ ሣጥኑን የሾፌሩ የራሱ ፒክአፕ ላይ ጫኑት። እናቱና ዘመዶቹ በሌላ መኪና ቀድመው ሄደዋል። ሾፌሩ ቆርቆሮውን መልሶ ሽጉጡን ከአለቃው ተቀበለና መሪውን ሲይዝ፣ እትዬ ቁምሳጥን ከጎኑ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ውረጂ።»

«አልወርድም።»

ሞተሩን አስነሣ። መኪናው የሆስፒታሉ መውጫ ላይ ቆመ። መቃብሩ በግራ ነው፤ ጋራዡ በቀኝ። ከኋላ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ፣ ተደገመ። እሷ የምታየው እጆቹን ነበር።

ወደ ግራ ታጠፈ። ተንፈስ አለች። ከዚያ ግን መመለሻው ትዝ አላት፤ ከቀብር መልስ ወደ ለቅሶ ቤቱ ለመሄድ በጋራዡ በር ማለፍ ግድ ነው።

«ስንመለስ እቤቴ ድረስ ታደርሰኛለህ» አለችው። ቤቷ ከመቃብሩ ወዲያ፣ ከጋራዡ በተቃራኒው የከተማ ጫፍ ነው፤ እሱም ያውቃል።

እሺ አላላትም። እምቢም አላላትም።