ወዲህበሉት ድንጋይ ያልነካችበት ቀን

የምሥራች ይዤ መጥቻለሁ። የማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ትንሽ ልተንፍስ። ቦረቦሩ ውስጥ የተሠራው የድንጋይ ክትር የትናንቱን ጎርፍ ችሎ አደረ፤ የመሪነቱ ሥራም ለእሷ ሆነ። እሷ ማለት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛዋ፣ ሰፈሩ በሙሉ "ወዲህበሉት" የሚላት ጎረቤቴ ናት።

ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አካፋ የያዘ ሰው ካየች "ወዲህ በሉት" ብላ ትነጥቃለች፤ ችግኝ የሚያጠጣ ካየች ጎማውን ትቀማለች። እነሱ ቆመው እያዩ እሷ በላብ ትጠመቃለች፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ ሰዉ ሰነፈ ብላ ታማርራለች። ባሏም፣ ቀምተሻቸው ምን ይሥሩ ይላታል።

ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ አጥር መብላት ሲጀምር፣ ጎርፉን የሚገታውን ሥራ የሚመራ ሰው ተፈለገ። እሷም ለአመራር ሥልጠና ተላከች። አሰልጣኙ የሰጣት የመጨረሻ ፈተና ጉድ ነበር፦ ባልደረቦቿ የመጀመሪያውን የድንጋይ ክትር ሲሠሩ ቆማ ማየት። ድንጋይ መንካት የለም፣ ማዘዝ የለም፤ መጠየቅ ብቻ ይቻላል። ካቃታት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ መሪ ይመጣል።

የፈተናው ዕለት ደረሰ። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። እጆቿን ብብቷ ሥር ቀበረቻቸው። ሌላው ድንጋይ ሲያንከባልል የእሷ ትከሻ አብሮ ይገፋል።

"እትዬ፣ ዛሬ እጅሽን አመመሽ እንዴ?" አላት ግንበኛው። ሁሉም ሳቁባት።

ክትሩ ወገብ ሲደርስ ዓይኗ ተተከለ። የላይኛውን ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ግድግዳ እኩል አድርገውታል። መሃሉ ዝቅ ካላለ ውሃው ዳር ዳሩን ቆርሶ እንደሚሄድ ታውቃለች። "ወዲህ በሉት" አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። ትንሽ ራቅ አለች፣ ተመለሰች፣ ሻርፗን ፈትታ እንደገና ጠመጠመች። አሰልጣኙ ማዶ ሆኖ ያያታል። ዝም ብትል ክትሩ ይሄዳል፤ ብታዝ ሥራው ይሄዳል።

ያን ጊዜ የተፈቀደላት ነገር ትዝ አላት።

"እናንተዬ፣ ውሃው ሲመጣ በየት በኩል ይለፍ ብላችሁ ነው?"

ግንበኛው ወደ ኋላ ብሎ ክትሩን አየና ራሱን አከከ። አንዷ ሠራተኛ በመሃል ነዋ ስትል፣ ሌላው መሃሉ መቼ ዝቅ አለና ብሎ ሞገታት። ወዲህበሉት ልታስታርቃቸው ብድግ አለች፤ ራሷን ገሥጻ ቁጢጥ አለች። ጭቅጭቁ ቀለጠ። በመጨረሻ ግንበኛው ራሱ የመሃሉን ድንጋይ ማንሣት ጀመረ። የክትሩን ጫፍና ጫፍም የቦረቦሩን ዳር ቆፍረው ወደ ውስጥ ቀበሩት፤ ይህንንስ እሷም አላሰበችውም።

ትናንት ዝናቡ ሲወርድ ከመስኮት አልተለየችም አለኝ ባሏ። ዛሬ ጠዋት እሷና ባልደረቦቿ ጭቃውን ረግጠው ሲደርሱ ውሃው በመሃል ዘሎ አልፏል፤ ከክትሩ ጀርባ ደለል ተኝቷል። አሰልጣኙም እዚያው አፋፉ ላይ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እሷ ግን መች አረፈች? ቀጣዩን የት እናድርገው እያለች ሠራተኞቹን ትጠይቃለች፣ እጆቿ አሁንም ብብቷ ሥር ናቸው።

ሱቅ ያላት እህቷ ይህን ገና አልሰማችም፤ ስልኳም አይነሣም። "እሷ እጇን ሰብስባ ከተቀመጠች እኔን ጥሪኝ፣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" ያለችኝ ደግሞ ራሷ ናት። ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት፤ በሉ ሄድኩ።