ለባሌ ያልጨረስኩለት ቃል

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ይባረክ! ቆይ፣ ቆይ፣ ገና አታጨብጭቡ። ወደዚህ ስወጣ ዓይናችሁ የት እንደሄደ አይቻለሁ። እጄን ነው ያያችሁት፤ ፓስፖርት ይዛ ወጣች ወይ ብላችሁ። አልያዝኩም። ይኸው ባዶ እጄ። ቪዛ አልመጣም! እኔ ግን ልመሰክር ወጥቻለሁ። የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ነው፤ ትንሽ ባልፍ ይቅር በሉኝ፣ ስምንት ወር በሆዴ ይዤው የቆየሁት ነገር ነው። አሁን አሜን በሉ!

ለማታውቁኝ ሰብለ እባላለሁ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ፋርማሲስት ነኝ፣ ማስተርስ አለኝ። ማስተርሱን የጠቀስኩት ለጉራ አይደለም፣ ነጥብ ስላለው ነው። ትስቃላችሁ አይደል? ያኔ እኔ አልስቅም ነበር። ባለቤቴ ጌትነት የውሃ መሐንዲስ ነው። ያውና፣ ከኋላ ምሰሶው አጠገብ የተቀመጠው። ጀልዴሳ ገጠር የውሃ ፓምፕ ሲቆም የሚደወለው ለእሱ ነው። እዚያ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ብትሰሙ ያጎታቸው ልጅ ይመስላችኋል።

ጌትነት ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። ይሄን የምናገረው ፈቃዱን ጠይቄ ነው። ቃል ይይዘዋል፤ አንዳንዴ አንዲት ቃል እስክትወጣ ግንባሩ በላብ ይጠመቃል። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ስለዚህ ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ እጨርስለታለሁ። ሱቅ ገብቶ "ስ... ስ..." ሲል "ስኳር" እላለሁ። አባቴ ፊት "እ..." ሲል "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሊል ነው" እላለሁ። ወገኖች፣ የጋብቻ ጥያቄውን እንኳ የጨረስኩለት እኔ ነኝ! ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ዛፍ ሥር አቁሞኝ "ሰብለ፣ እ... እ..." ሲል "እንጋባ ልትል ነው?" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "እሺ" አልኩት። አለቀ! አሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ኖርን።

ከዚያ ካናዳ መጣች።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚያ ሄዶ ለመኖር የሚያመለክትን ሰው በነጥብ ነው የሚመዝኑት። ዕድሜ ነጥብ አለው፣ ትምህርት ነጥብ አለው፣ የሥራ ልምድ፣ እንግሊዝኛ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ስታመለክቱ አብራችሁ ነው የምትመዘኑት። በየጊዜው መቁረጫ ነጥብ ይወጣል፤ ከመቁረጫው በላይ ያለ ይጠራል፣ በታች ያለ ይጠብቃል። ስትጠብቁ ደግሞ ዕድሜ አይጠብቃችሁም። ሠላሳን ካለፋችሁ በየልደታችሁ ነጥብ ይቀነስባችኋል። መልካም ልደት!

እኔ አገሩን ክፉ ነው አልልም። ቤቱ የራሱ ነው፣ የፈለገውን ያስገባ። ክፉ የሆንኩት እኔ ነኝ። ያንን የነጥብ ሰንጠረዥ አምጥቼ ፍሪጄ ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ሳይሆን እሱን አነባለሁ። ሰው ሁሉ ነጥብ ሆነብኝ። ስለ ሰው ሲወራ "ዲግሪ አለው ወይ? ስንት ዓመቱ ነው?" እላለሁ፤ ደግ ነው ወይ ብዬ የጠየቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ወደዚህ ቤተ ክርስቲያንም ለጌታ ብዬ አልመጣሁም። አትቆጡኝ፣ እውነቱን ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "እዚያ የቪዛ ምስክርነት በየሳምንቱ ነው" ስትለኝ መጣሁ። እጄን አነሳሁ፣ አለቀስኩ፣ ጾም ሲታወጅ አንደኛ ነበርኩ። ሻንጣ ሳይቀር በእምነት ብዬ ገዛሁ። ቀይ፣ ትልቅ፣ ባለ ጎማ። እዚሁ መድረክ ፊት አቁመነው እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁበት፤ ታስታውሱታላችሁ። ወገኖቼ፣ ሻንጣው ተባርኮ ነበር፤ እኔ ግን አልዳንኩም ነበር! ሃሌ ሉያ!

እንግሊዝኛ ተፈተንን። እኔ አለፍኩ። ጌትነት ንባቡንም ጽሑፉንም ማዳመጡንም ጥሩ አድርጎ ሠራ። ንግግሩ ላይ ፈታኟ "ስለምትኖርበት ከተማ ንገረኝ" አለችው። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ድሬዳዋ የሚለው ቃል ላይ ነበር። ሁለተኛ ተፈተነ፣ ባሰበት። እኔ ምን አደረግኩ? እጁን ይዤ እዚህ ፊት ለፊት አመጣሁትና አስጸለይኩት። መሐንዲሱን ሰውዬ፣ በስንት መቶ ሰው ፊት፣ "በል ተናገር!" አልኩት። አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ያዘው፣ እናንተም አንገታችሁን ደፋችሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "እምነት ስለሌለህ ነው! ምላስህን የያዘው አለማመንህ ነው!" አልኩት። ባጃጅ ነጂው እንኳ በመስታወቱ ገልመጥ አድርጎ አየኝ። ጌትነት ስንደርስ ወርዶ ቦርሳዬን ያዘልኝና ቀድሞ ገባ።

እኔ ነኝ ያንን ያልኩት። ይሄ አንደበት ነው። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን እንዳልረሳው ብዬ ነው ፊታችሁ የምናገረው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የቪዛ አማካሪ ነበረን። ደወልኩለት። ስልኩ በስፒከር ነበር፣ ጌትነትም አጠገቤ። አማካሪው "እህቴ፣ በግልጽ ልንገርሽ፤ የሚጎትትሽ ባልሽ ነው" አለኝ። "ብቻሽን ብታመለክቺ ዛሬውኑ ከመቁረጫው በላይ ነሽ። በወረቀት ተፋቱና ሂጂ፤ ስትደርሺ ትወስጂዋለሽ። ስንቱ እንዲህ አድርጎ ሄዷል መሰለሽ!"

ጌትነት ተነስቶ ወረቀት አመጣ። ሲጽፍ አይንተባተብም። እንዲህ ብሎ ጽፎ ሰጠኝ፦ "ሰብልዬ፣ ሂጂ። የአንቺ እንቅፋት መሆን አልፈልግም።" አሁን ሳስበው ያንን ወረቀት ይዤ መሬት ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? "ፍርድ ቤት መቼ እንሂድ?"

ወሬው ከቤት ሳይወጣ አይቀርም። ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡት እናት፣ በር ላይ ያዙኝ። "ሰብለ፣ የሰማሁት እውነት ነው?" አሉኝ። "አዴ፣ በወረቀት ብቻ ነው" አልኳቸው። "አቦ ተይኝ!" አሉ። "ወላሂ፣ ባልሽን ያልፈለገ አገር አንቺን ምን ሊያደርግሽ ነው የፈለገሽ?" አለፍኳቸው። ልብ በሉ፣ እኔ እዚህ ስዘምር የኖርኩት መንፈስ ቅዱስን አልሰማሁ፣ ጌታ ግን በሙስሊም ጎረቤቴ አፍ ተናገረኝ! አሜን አትሉም? እሱን እንኳ አልሰማሁም።

ቀኑ ደረሰ። በአምስት ሰዓት ሙቀት፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ ጠበቅን። ያጠናነው አንድ ነገር ነው፦ "ተስማምተን መኖር አልቻልንም።" ሊለው የወሰነው ጌትነት ራሱ ነው፤ "እኔ ካልኩት አንቺ አልዋሸሽም" ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ውሸቱን እንኳ ሊሸከምልኝ!

ዳኛዋ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን። "ሽማግሌ አይቶታል?" አሉ። መሬት መሬት አየን። "እሺ፣ አቶ ጌትነት፣ ለምንድን ነው መፋታት የፈለጋችሁት?"

ጌትነት ተነሳ። "ክብርት ዳኛ፣ ተ... ተ..." አለ። ያዘው። "ተ... ተስ..." ግንባሩ ላይ ላቡ ወጣ። የጸሐፊዋ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ዳኛዋም ጠበቁ። እሱ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ። አሥራ አንድ ዓመት ሲይዘው የሚዞረው ወደ እኔ ነዋ! ጨርሺልኝ ነው የሚለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሦስት ቃል ናት። ስኳር እንደማለት ናት። ተነሳሁ፣ አፌን ከፈትኩ...

ወገኖቼ፣ የእኔ ምላስ ተያዘ! እኔ! ሰብለ! ከፋርማሲ መስኮት ሆኜ አንድ ሰፈር የማስተዳድረው! አንዲት ፊደል አልወጣችም። ያኔ ገባኝ። ይሄ ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሚሸከመው ይሄን ነው? በዚህ ላይ ነው እኔ "እምነት የለህም" ያልኩት? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ካናዳ የሚባል ነገር የሌለበት ጸሎት ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ ማረኝ" አልኩ፣ በልቤ። ሌላ የለውም፣ ይሄው ነው። ምላሴ ተፈታ። የወጣው ግን ያጠናነው አልነበረም።

"ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሰው ሊል የፈለገው ውሸት ነው፤ እኔ አልጨርስለትም። ባሌ ነው፣ እወደዋለሁ። ከእሱ ጋር ተስማምቶ መኖር ያልቻለ ሰው በምድር ላይ የለም። እኔን የቻለ እኮ ነው!"

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" አሉ። ጌትነት ሳቀ። ሳቁ እኮ ተንተባትቦ አያውቅም፤ እያለቀሰ ሳቀ። "ውጡልኝ፣ ሌላ ባለጉዳይ አለብኝ" አሉን፤ እሳቸውም ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ክብር ለጌታ ይሁን! ሃሌ ሉያ! አሁን አጨብጭቡ!

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ቁጭ አልን። ጌትነት "ካ... ካ..." አለ። ካናዳስ ሊለኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። አልጨረስኩለትም። ጠበቅኩት። ሰው በፊታችን ያልፋል፣ ዘበኛው ያየናል፣ እኔ ጠበቅኩት። "ካ... ካናዳስ?" አለኝ። በራሱ አፍ! "ሁለታችንንም ካልጠራች ትቅር" አልኩት። እኔ የዳንኩት እዚህ መድረክ ላይ እጄን ያነሳሁ ቀን አይደለም። የዳንኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ለካ ጌታም ስንት ዓመት የእኔን ጸሎት ሳይቆርጥ ጠብቆኝ ኖሯል።

ለአማካሪው ደወልኩ። "ዕድልሽን በእግርሽ ረገጥሽው" አለኝ። "ይሁን" አልኩት። እንደ ባልና ሚስት፣ በእውነት፣ አንድ ላይ አመለከትን። መቁረጫው ይወጣል፣ ከመቁረጫው በታች ነን። እንደገና ይወጣል፣ በታች ነን። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በር ላይ አቅፋችሁ "አይዞሽ፣ ጌታ ጊዜ አለው" ትሉኛላችሁ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው። ተዉኝ! አልሞተብኝም! አንድ ወንድምማ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ምስክርነት ሲሰጥ ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው፤ አሁን ብትመሰክሪ ሰው ይደክማል" አለኝ። ወንድሜ፣ ደረሰ እኮ! ባሌን ልሸጠው ገበያ አውጥቼው በመንገድ ላይ ተመለስኩ። ከዚህ በላይ ምን እስኪደርስ ልጠብቅ? ማኅተም?

ፍሪጁ ላይ የነበረውን ሰንጠረዥ ቀድጄ ጥያለሁ። ሻንጣውስ ለምትሉኝ፣ የጸለያችሁበት ሻንጣ በየሳምንቱ ይጓዛል። ወዴት? ጀልዴሳ! ጌትነት የፓምፕ ዕቃና የቧንቧ መገጣጠሚያ ይዞበት ይሄዳል። ባለፈው አብሬው ሄጄ ነበር። ውሃው ሲወጣ አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁት። እሱ ሊመልስ "ገ... ገ..." ሲል ማንም አልተቻኮለም። ከብት የሚጠብቅ ሰው መጠበቅ ያውቃል። "ገለቶማ" ብሎ እስኪያመሰግን ሁሉም ቆመው ሰሙት። ለዚያ ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ የለም። ባይኖርስ!

በሩ ሲከፈት ሁለታችን እንገባለን፤ አልፈራሁም፣ ፋይሉም አልተዘጋም። ካልተከፈተ ደግሞ ድሬ ናት፣ ሙቀቷን ለምደነዋል። የሚቀጥለው እሑድ ልደቴ ነው። ያን ቀን ከካናዳው ነጥቤ ይቀነስብኛል። ይቀነስ! ከአምልኮ በኋላ ሁላችሁም ቤቴ ኑ፣ ዳቦ እቆርሳለሁ፤ አዴ ሐሊማም አሉ። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በሆነ ሰንጠረዥ ላይ አንሰሃል፣ አንሰሻል የተባላችሁ፣ በዕድሜ ይሁን በልጅ ይሁን በኪስ፣ እኔን ያልናቀኝን ጌታ እመኑት። ቀድሞ ሲጠብቃችሁ ታገኙታላችሁ።

አሁን ጨረስኩ። የቀሩትን ደቂቃዎች ለባሌ ሰጥቼዋለሁ፤ ራሱ ነው የጠየቀኝ። አንዴ በግድ ጎትቼ ያቆምኩት እዚሁ ቦታ ላይ፣ ዛሬ በፈቃዱ ሊጸልይ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሲይዘው አንገታችሁን አትድፉ። ማንም እንዳይጨርስለት። እኔም አልጨርስለትም።

ጌትዬ፣ ና፣ ማይኩን ያዝ። አትቸኩል፤ ጊዜ አለን።