ተዋናይቷ በሩን የከፈተችበት አኳኋን

መርሳ ውስጥ አንድም ቴሌቪዥን በሌለበት ዘመን በየሳምንቱ የቴሌቪዥን ተውኔት ነበረን ብል የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ሦስት ዓመት የቀራቸው ጊዜ ነው። የቴሌቪዥኑ ምስል ከአዲስ አበባ እምብዛም አይርቅም፤ እኛ ዘንድ የሚያደርሰው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከወልዲያ እህል፣ ከመርሳ ብርቱካን ጭኖ ይሄዳል። መርካቶ አጠገብ የሚያድርበት ሆቴል ቴሌቪዥን አለው። ሲመለስ መኪናውን መርሳ ላይ ጥላ ፈልጎ ያቆምና ሻይ ቤት ገብቶ ያየውን ይተርክልናል።

የሚተርከው ስለ አንዲት ተዋናይ ብቻ ነበር። በትያትር ቤት መድረክ ስሟ የገነነ ሴት ናት፤ በኋላ ደግሞ ለቴሌቪዥን በሚዘጋጁ ተውኔቶች መሥራት ጀመረች። «ያኔ ትያትር ቤት ከኋላ ወንበር ሆኜ የጣት ያህል ነበር የማያት፣ አሁን ፊቷ እዚህ መጣ» ይላል ሹፌሩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ከአፍንጫው ፊት እየያዘ። አሮጊት ሆና የሠራችውን ሲያሳየን ከአንዷ ሴት ነጠላ ተቀብሎ ይከናነባል። ጸጉራም ክንዱ ከነጠላው ሥር ብቅ ሲል ማንም አይስቅም፤ እሷን ነበር የምናየው። ሙሽራ ሆና ስትሠራ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። የዳኛ ሚስት ስትሆን ወንበሩ ራሱ ከፍ ያለ ይመስለን ነበር።

እኔ ያኔ በመኪና ጎንና በሱቅ በር ላይ ፊደል የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ያስተማረኝ የለም፤ ከዘይት ጣሳና ከወልዲያ ሱቆች ማስታወቂያ እየቀዳሁ የተማርኩት ነው። ብዙ አልናገርም፤ ስናገርም ሹፌሩን ለማረም ነበር።

«ደብዳቤውን በየትኛው እጇ ያዘችው፣ ጋሼ?»

«በግራ።»

«ቅድም በቀኟ ብለህ ነበር።»

«አንተ ቀለም! ወይ ስማ፣ ወይ ብሩሽህን ይዘህ ውጣልኝ!»

ይሁን እንጂ ውሸቱን ያጋለጥኩት እኔ አይደለሁም። አንድ የገበያ ቀን ከወልዲያ የመጣ በርበሬ ነጋዴ ሻይ ቤት ገብቶ ስለ ሙሽራዋ ተውኔት ስናወራ ሰማን። «ምስኪን፣ እንደዚያ ሆና መሞቷ!» አለ። ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። መርሳ ላይ አልሞተችም ነበር። መርሳ ላይ አባቷ ደርሶላት ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ሹፌሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ተያዘ። «እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለ ትከሻውን እየነቀነቀ። «ወልዲያዎች ሞት ካልሰሙ ሻይ አይጋብዙም። እዚህ ደግሞ ሴቶቹ አለቀሱብኝ፣ አዳንኳት።» በእርግጥ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ስለ ሻይ ቤቷ ባለቤት ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ትውልዷ ከመርሳ ብዙ የማይርቀው ግራና ነው። በአባታቸው መሬት ክርክር ታናሽ ወንድሟ በሽማግሎች ፊት ቆሞ በሐሰት ምሎባት መሬቱን ወሰደ። እሷም ግራናን ትታ መርሳ መጥታ ሻይ ቤት ከፈተች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ይህንን ከእሷ አፍ ሳይሆን ከሰው ነው የሰማሁት። በዚያ ዓመት ወንድምየው አስታርቁኝ ብሎ ላከ። ጉዳዩን የያዙት ሁለት ሽማግሎች ናቸው፤ አንዱ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ ሌላው መምሬ። በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያን ሽማግሌ አብሮ ካልተቀመጠ እርቅ ሙሉ አይባልም። ሁለት ጊዜ ጠየቋት፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አለች።

ሹፌሩ በሁለት ሳምንት የሚጠናቀቀውን ተውኔት የመጀመሪያ ክፍል ይዞ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ተዋናይቷ ወንድሟን ያሳደገች ሴት ሆናለች። ወንድሟ በጎረቤት ፊት በሐሰት መስክሮ ቤቷን ቀምቷታል። ከዓመታት በኋላ ከስቶና ጎስቁሎ ተከራይታ ወደምትኖርበት ክፍል ይመጣል፤ ያንኳኳል። እሷ ጥጥ ስትፈትል ቆይታ ትነሳለች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ ታሳርፋለች። አለቀ። ቀሪው ለሳምንት።

እትዬ ጀርባዋን ሰጥታን ብርጭቆ ታጥባለች፤ አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ እንዳጠበችው ቆጥሬያለሁ።

«ትከፍትለታለች» አሉ መምሬ። «ሥጋዋ ነው።»

«አስቀድሞ መሐላውን ያፍርስ» አሉ ሐጂ። «የሐሰት መሐላ እኮ ነው መምሬ! ወላሂ፣ ይህንን ሳያፈርስ የሚገባበት በር የለም።»

«አንቱ ደግሞ፣ ሰውየው ቆሞ እያንኳኳ!»

«ይቁም። እግሩ ነው የሚደክመው።»

እትዬ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እያበሰች ዞረች። «እናንተም ሦስተኛ ልትጠይቁኝ ነው አይደል የመጣችሁት? ያቺ ሴት በሩን እንዴት እንደከፈተችው ልስማ። ከዚያ መልሴን እሰጣችኋለሁ።»

«ልጄ፣ ትያትር እኮ ነው!» አሉ መምሬ።

«ይሁን መምሬ። እናንተ ስትለምኑኝ ስለ እሱ ነው የምትነግሩኝ። ስለ እኔ የተናገረች እሷ ብቻ ናት።»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ቀልድ አልነበረም፤ የእርቁ ነገር እዚያ በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ «እኔ አይቼ እመጣለሁ» ሲል ግን ሐጂና መምሬ በአንድ አፍ «አንተ አይደለህም!» አሉት። ከዚያ ሁሉም እኔን አየ። ተውኔቱ የሚተላለፈው እየተሠራ በቀጥታ ነው፤ አንዴ ካለፈ ተመልሶ አይታይም። ስለዚህ መርሳ ታማኝ ምስክር ፈለገች፤ ምስክሯም በግራና በቀኝ እጅ የሚጨቃጨቀው ቀለም ቀቢ ሆነ።

ልነሳ ስል እትዬ በሩ ድረስ ወጥታ «መክፈት አለመክፈቷን ብቻ አይደለም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንዴት እንደሆነች እይልኝ።»

ደሴ አደርን። በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማ ፈነዳ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ሸፍኖት ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ ጀመር። እኔ በየደቂቃው ሰዓት እጠይቀዋለሁ። «ቀለም፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ብትጠይቀኝ ገደሉ ውስጥ ነው የምወስድህ፤ እዚያ ሰዓት የለም!» አለኝ። መርካቶ የደረስነው ተውኔቱ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው። መኪናውን በቅጡ ሳያቆም ወርደን ሮጥን።

ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የእንጨት ሳጥን ነው። ሆቴሉ በሰው ተጨናንቋል። ሹፌሩ «እንግዳ ነው፣ ከወሎ ድረስ ለዚህ የመጣ!» እያለ እየገፋ ፊት አደረሰኝ። ቀለም ሥራዬ ስለሆነ አስቀድሜ ያየሁት ቀለሙን ነው። ነጭና ጥቁር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በመካከላቸው ተቆጥሮ የማያልቅ ግራጫ አለ። የእሷ ፊት በዚያ ግራጫ ሁሉ የተሠራ ነበር።

መጣች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው፤ ቀኝ እጇ። አልከፈተችም። እንዝርቱ በብብቷ ሥር ነበር፤ ወደቀና መሬት ላይ ተንከባለለ። ወደ ታች ሳታይ በእግሯ ጫፍ አቆመችው። ያኔ ከፈተች። ወንድምየው በሩ ላይ ቆሟል። ምንም ሳትናገረው ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ውስጥ ገባች። በርጩማ ይዛ ተመለሰች፤ ወደ ውጪ ልታወጣው ነው። የበርጩማው አንድ እግር ከበሩ ደፍ ጋር ተያዘ። ወንድም የሆነው ተዋናይ ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት መሰለኝ፣ ተገትሮ ቀረ።

«ዞር በል!» አለችው።

ሆቴሉ በሳቅ ፈነዳ። ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ እንዳልነበረ እምላለሁ። ነገር ግን የዚያን ያህል የእህት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ሆኖ ከምድጃ አጠገብ ታባርረው የነበረበት ድምፅ ነው። ተዋናዩም ደንግጦ እንደ ልጅ ዞር አለ።

በርጩማውን ውጪ አስቀመጠች። እሷ ከደፉ ወዲህ ቆማ «ጎረቤቶቼ፣ ኑ እስቲ፤ ወንድሜ የሚናገረው አለው» ብላ ተጣራች። እሱ ተቀምጦ የማለውን መሐላ ቃል በቃል እያፈረሰ ሲናገር ቴሌቪዥኑ እሱን አላሳየንም። እሷን ብቻ ነበር የሚያሳየን። አንድ ጊዜ ምራቋን ዋጠች። የከንፈሯ የግራ ጫፍ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ምንም አላደረገችም። ተናግሮ ሲጨርስ ግባ አላለችውም። ከበሩ ገለል አለች። በሩ ባዶ ሆኖ ቆየ፤ ተውኔቱም እዚያ ላይ አለቀ።

ሹፌሩ አጠገቤ በእጅጌው ፊቱን ይጠርጋል። ወጥተን ወደ መኪናው ስንሄድ ክንዴን ያዘኝ። «ስማኝ ቀለም። ግባ አለችው ብለን ብንናገርስ? እትዬ ትታረቃለች። አንዲት ቃል ናት።»

«አላለችም፣ ጋሼ።»

«አላለችም፤ አውቃለሁ! እኔስ መች ዓይን አጣሁ?»

መንገዱን ሁሉ ስለዚህች ቃል ተከራከርን። ደሴ ስንደርስ ግማሽ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። ያቺ ቃል እርቅ ታወርዳለች፤ ማን ይጎዳል? ከዚያ ግን እትዬ «እንዴት እንደሆነች እይልኝ» ያለችኝን አሰብኩ። የጠየቀችኝ ያየሁትን ነው።

መርሳ ስንገባ ሻይ ቤቱ ሞልቶ በር ላይም ሰው ቆሟል። ሐጂ የሱቃቸውን በር ዘግተው መጥተዋል። መናገር ጀመርኩ፤ አልሆነም። «በርጩማው... ደፉ ላይ...» እላለሁ፣ ሰው ግንባሩን ይቋጥራል። ሹፌሩ ሊነግርልኝ አፉን ሲከፍት መምሬ በመቋሚያቸው ጉልበቱን ነካ አደረጉት። ስለዚህ ተነሳሁ። የእትዬን በር ዘጋሁ፤ ቀኝ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አደረግሁ፤ ያየሁትን ሁሉ እንዳየሁት አደረግሁት። በርጩማውን ከደፉ ጋር አጋጭቼ ሹፌሩን «ዞር በል!» ስለው ሰው በሳቅ ወደቀ። እትዬም አፏን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ሞላ። መጨረሻ ላይ ከበሩ ገለል ብዬ ቆምኩ።

«እንዲህ ነው» አልኩ። «ግባ አላለችውም።»

«እኔም ያልኩት!» አሉ ሐጂ። «መሐላው ፈረሰ፣ አልሐምዱሊላህ!»

«ገለል ማለት ግባ ማለት አይደለም እንዴ?» አሉ መምሬ። «በሩ እኮ ክፍት ነው!»

«ክፍት መሆኑን እንጂ መግባቱን ማን አየ?»

እትዬ ወደ እኔ ቀረብ ብላ «በርጩማውን ስታወጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር?» አለችኝ።

አሰብኩ። «ምስሉ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እትዬ። ይህንን መለየት አልቻልኩም።»

«እሺ» አለች። ሽማግሎቹን አየቻቸው። «እሷ የቴሌቪዥን ሴት ናት፣ እስኪያንኳኳ ጠበቀችው። የኔው ቢጠብቁት አያንኳኳም፤ ፈሪ ነው፣ አሳድጌዋለሁ አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ራሴ እሄዳለሁ። የማለበት ደጅ ላይ፣ መሐላውን በሰማው ሰው ፊት ይናገራል።»

«ደጅህን ዘግተህ ጠብቃት፣ ታንኳኳለች በሉት ታዲያ!» ሲል ሹፌሩ ቀለደ።

«አንተ ዝም በል፣ የሙሽራ ገዳይ!» አለችው።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ተዘጋ። እትዬ ወደ ግራና ስትሄድ ሐጂና መምሬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተጣደፉ ተከተሏት። እኛ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን። እኔ የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ጀምሬ ሁለት ፊደል አበላሸሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ሲመጡ አየን። ሦስቱ የኛ ናቸው። አራተኛው ጃንጥላዋን የያዘላት ቀጭን ሰው ነው።

ሻይ ቤቱ ተከፈተ፤ ሰው ግር ብሎ ገባ። ሁሉም «እንዴት ሆነ? እንዴት ሆነ?» ይላል። ሽማግሎቹ እኩል ጀመሩ።

«ደጁ ላይ ስትቆም...» አሉ መምሬ።

«አልቆመችም፣ ተቀምጣ ነው!» አሉ ሐጂ።

«ቆማ ነው እንጂ! እሱ መሐላውን ሲያፈርስ ያ ሁሉ ሰው ሲሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ...»

«ወላሂ አላለቀሰችም! እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ!»

«አለቀሰች እንጂ፣ ሐጂ! ዓይንዎ ደክሟል!»

ጥግ ላይ ጃንጥላውን በጉልበቱ መሐል ይዞ የተቀመጠው ወንድሟ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እኔ ነኝ ያለቀስኩት» አለ።

እትዬ ብርጭቆ ሞልታ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ስኳሩን ሳትጠይቀው ሦስት ማንኪያ ጨመረችበት።

«ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» አለችው።