የዘጋሁት መስኮት

ዛሬ ጠዋት ጅጅጋ ገበያ አጠገብ አንዲት አሮጌ መኪና እያጓራች ጭሷን ባጃጃችን ላይ ለቀቀችው። የባጃጁ ሹፌር አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ የልጅ ልጄን የሂክማን እጅ። ያ ሽታ ሁልጊዜ ከጅጅጋ ደምበል ወደምትባለው የገጠር ከተማ ወደሚወስደው መንገድ ይመልሰኛል።

ስድስት ዓመት ሆነው። ሂክማ አርባ ቀኗ ገና ሞልቶ ነበር። የልጄ የሙና ባል ጀማል ደምበል ላለችው እናቱ ሊያሳያት ፈለገ። መኪናው ግን አሮጌ ነው፤ ዳገት ሲያይ ይለግማል። ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና፣

«የጭስ ማጣሪያው ተደፍኗል» አለ። «አውጥቼ ቀጥ ያለ ቧንቧ ልበይድለት። እንደ ፈረስ ይጋልባል።»

ጀማል አመነታ። «ሠሪዎቹ ያለ ነገር ያስገቡት አይመስለኝም።»

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ጥልቅ አልኩ። «አንተ ደግሞ! የታፈነ ነገር ይከፈት እንጂ። አራሷን ዳገት ላይ ልታስቀራት ነው?»

ተበየደ። እውነትም ጋለበ። ላሆህ የሚባለውን ስስ ቂጣ በማር እየበላን፣ በጩኸቱ እየሳቅን ከከተማ ወጣን። የበጋው ንፋስ አቧራ ያነሳል። እኔ ደግሞ አራስ ንፋስ አይምታት ሲባል ነው ያደግኩት። መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ፤ ስንጥቁን በሻርፔ ወተፍኩት።

«እማዬ፣ ትንሽ ክፈቺው። ራሴን ወጋኝ፤ የሆነ ነገርም ይሸተኛል።»

«ንፋስ ሊመታሽ! ቻል አድርጊው።»

ሂክማ እቅፌ ላይ ጸጥ አለች። «አያችሁ፣ ሕፃን ሙቀት ሲያገኝ እንዲህ ነው» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ሙናን ሲያስመልሳት ጀማል አቆመ። መንገድ ዳር የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ሮጣ መጥታ በሩን ከፈተች። የሂክማ እጅ ተንጠልጥሏል።

«ሆዮ፣ እናቴ! ልጅ እንዲህ ነው የሚተኛው?» ብላ ከእቅፌ ነጠቀችኝ። ያን የምፈራውን ንፋስ ፊቷ ላይ እንዲመታት ይዛት ቆመች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ሂክማ አለቀሰች። እኔም መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጭሱ ከብየዳው ሾልኮ በወለሉ ይገባ ኖሯል፤ መርዙን የሚያቀልለትን ማጣሪያ ደግሞ አስወጥተነዋል። ቤተሰቡ መካኒኩን ረገመ፣ ጀማልም ራሱን። ሙና ስለ መስኮቱ አንድ ቀን አላነሳችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሂክማ አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ሐኪሙ ደህና ናት ይላል። ግን አንድ ቃል ፈልጋ ስታጣ ባየሁ ቁጥር ያ ሻርፕ ትዝ ይለኛል።

ዛሬም መኪናዋ ካለፈች በኋላ ሹፌሩ ለአቧራው ብሎ የባጃጁን ሸራ አወረደው። እኔ መልሼ ጠቀለልኩት።

«አያቴ፣ አቧራው እኮ ገባ!» አለች ሂክማ።

«ይግባ ልጄ» አልኳት፣ ሸራውን እንደያዝኩ። «እሱን እናጥበዋለን።»