የመላኪያው ገደብ

ሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍል ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ «መስመር» ይለዋል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነዋ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እንደሚያውቅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ነው።

ከዳይሬክተሩ ጀምሮ ሁሉም «ኢንተርኔቱ ሞተ» እያለ ጆሮውን ሲያደነቁረው፣ አንድ እሁድ ገብቶ ፋየርዎሉን ከፈተ። ፋየርዎሉ የየክፍሉ ገመድ የሚሰበሰብበት፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈትሽ ዘበኛ ሣጥን ነው። ከመሰኪያዎቹ አንዱ የሠራተኞች ነው፤ ቀን ሙሉ ፊልም የሚወርደው በሱ ነው። መስመር እዚያ መሰኪያ ላይ የፍጥነት ገደብ ጣለ። ለሚወርደው ደህና አድርጎ ተወለት፤ ለሚላከው ግን ጠብታ ታህል ብቻ።

«እዚህ ቤት ደግሞ ማን ምን ይልካል?» አለ ለራሱ።

በስልኩ አንድ ቪዲዮ አወረደ፤ ሰተት ብሎ ወረደ። መላኩን አልሞከረውም። ማን ይሞክራል? እኔ የማውቃቸው የዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ፣ ማውረዱ ከሠራ ላፕቶፓቸውን ዘግተው ይነሣሉ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሁሉ እጅህ ይባረክ አለው። ረፋድ ላይ የሲቲ ስካን ባለሙያዋ ደወለች፤ ጡረታዋ የደረሰ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ሆስፒታሉ ምስል የሚያነብ ሐኪም ስለሌለው፣ የተነሣው የጭንቅላት ምስል ሁሉ በኢንተርኔት ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም ይላካል። እሱ ሳያየው ማንም ቢላ አያነሣም። ምስሉ አልሄድ አለኝ አለችው። ማሽንሽ አርጅቷል፣ አጥፍተሽ አብሪው አላት። ከሰዓት ደገመች፤ እሱም ያንኑ ደገመላት። ማክሰኞ ጠዋትም እንደዚያው። ሁለት ፎቅ ወርዶ ማየት ነበረበት፤ አልወረደም። ይሄን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ረቡዕ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ በቃሬዛ ገባ። ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወድቆ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ መዶሻ የጨበጠው፣ መስመርን ኮሌጅ ያስገባው ይኸው ወንድሙ ነው። መጀመሪያ ላይ ይናገር ነበር፤ እንዲያውም ለእማዬ እንዳትነግሩ፣ ጣሪያው ይሻላል ከሷ ቁጣ እያለ ሰዉን ያስቅ ነበር። ከስካኑ ሲወጣ ግን አንደበቱ ይያያዝ ጀመር። የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፋ። ቀዶ ሐኪሙ መስመርን ወደ ጎን ወስዶ፣ ንባቡ ቶሎ ካልደረሰኝ የት ጋ እንደምከፍት አላውቅም፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይጠብቅም አለው።

መስመር ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ስካን ክፍል ደረሰ። ባለሙያዋ ስክሪኑን አዞረችለት። ሊላኩ የተሰለፉ ሁለት ምስሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው አራት በመቶ ላይ ቆሟል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቋረጣል፣ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ያኔ ነው ትዝ ያለው። ይህ ክፍል ድሮ የራሱ መሰኪያ ነበረው። አምና ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ገመዱን ነቅሎ «ለጊዜው» ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር የቀላቀለው ራሱ ነው። በዚህ ሙያ «ለጊዜው» ማለት ዕድሜ ልክ ማለት ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳተ። ገደቡን ለማንሣት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አራት በመቶ የነበረው አምስት፣ ስድስት እያለ መሄድ ጀመረ። ግን ማሽኑ የሚልከው በተራ ነው፤ የፊተኛዋ ምስል ትልቅ ናት፣ የወንድሙ ከኋላዋ ነው።

«እትዬ፣ የፊተኛዋ ማን ናት?» አላት። «ወንድሜን ላስቀድመውና እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ባለሙያዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሰርዛት፣ ልጄ» አለችው። «የሰኞዋ ናት። ትናንት ቀበሯት።»

ሰረዛት። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አዎን የሚለውንም ራሱ ተጫነ። የወንድሙ ምስል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሄደ። ንባቡ በስልክ መጣ፤ ሰውየውን እየሮጡ ወደ ቀዶ ክፍል አስገቡት።

ወንድሙ ተረፈ። በሳምንቱ ጭንቅላቱን ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀመጠና፣ ሊጠይቀው ለመጣው ሁሉ መስመርን በክንዱ እየሳበ፣ ያዳነኝ ይሄ ነው፣ ያስተማርኩት በከንቱ አይደለም ይል ጀመር። እናታቸው የመስመርን እጅ ይዛ ትስማለች። ባለሙያዋ አንድ ቀን ለጥየቃ መጥታ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። እግዜር ይማርህ ብላ ወጣች።

መስመር ኮሪደር ድረስ ተከተላት። ለማን ልንገር፣ ምን ልበል እትዬ አላት። የሰኞዋ ሴት ቤተሰቦች ማሽኑ አርጅቶ ነው ተብለዋል አለችው፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ አንተ ያልከኝን።