ተራራውን ሜዳ ላይ የሳሉት ጋሽ ነጋሽ

ጋሽ ነጋሽ ቱፋ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። መርዶው የደረሰኝ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ነው፤ የምሄድበትን ረስቼ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በደርግ ዘመን የከፍተኛችንን፣ ማለትም የወረዳችንን፣ የሃያ ዓመት የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲያዘጋጁ አብሬያቸው ስለሠራሁ ነው። እሳቸው መሐንዲስ፣ እኔ ፕላን ነዳፊ ነበርን።

ቀላል አለቃ አልነበሩም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት በእግራችን ሳንወጣ አንዲት መስመር አያስነኩም። ክረምት ገብቶ ሰው ሁሉ ጥግ ሲፈልግ፣ እሳቸው ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው ጎርፉ የሚሄድበትን ሊያዩ ይወጣሉ፤ እኔም እያጉረመረምኩ እከተላለሁ። የነደፍኩትን ለማጥፋት ስሳሳ ካዩኝ፣ «ጽጌ፣ አሁን ብታጠፊ የምታጠፊው መስመር ነው፤ ነገ ግን ቤት ነው» ይሉኝ ነበር።

ረቂቁ አልቆ ለሕዝብ ቀረበ። ከበላይ በመጣ ትእዛዝ የእንጦጦ ደን ወደ ታች እንዲሰፋ ተደርጎ ነበርና፣ በመስመሩ ውስጥ የገቡት ቤቶች ሊነሡ ነበር። ካርታው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ፣ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ፣ ሕዝቡም እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ጋሽ ነጋሽ ግን ተነሡና አዴ ጫልቱ የሚባሉ ፊት የተቀመጡ አሮጊት ቤታቸው ካርታው ላይ የቱ ጋ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቋቸው።

«እኔ ወረቀት ላይ ቤት የለኝም፤ ቤቴ እዚያ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ፣ በመስኮቱ ወደ ተራራው እያመለከቱ።

ጋሽ ነጋሽ ለእሑድ ሕዝቡን ኳስ ሜዳው ላይ አስጠሩ። ወንዙንና መንገዱን በኖራ አሰመሩ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ አቆሙ። «በሉ፣ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ባለበት ቦታ ቁሙ» አሉ። ሰዉ እየሳቀ፣ «አንተ ከኔ በታች ነህ፣ ውረድ እንጂ!» እየተባባለ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያ የገመድ ጫፍ ለእኔ ሰጡኝና የደኑን ወሰን በሰዎቹ መሀል ዘረጋነው። ከገመዱ በላይ እነማን እንደቀሩ ሁሉም አየ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«እኔ እንግዲህ ዛፍ ልሆን ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

ሜዳው በሁለት ቋንቋ ተንጫጫ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀልቶ፣ «ጓድ ነጋሽ፣ የጸደቀ ፕላን ነው እኮ የሚያፈርሱት!» አለ፤ በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰር ነበር።

እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «አልጸደቀም ጓድ ሊቀመንበር፤ የተጨበጨበለት ብቻ ነው» አሉ።

ገመዱን ሕዝቡ ራሱ አንሥቶ ከቤቶቹ በላይ ወሰደው። ቤታቸው በወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ለሆነ ሰዎች ግን ጋሽ ነጋሽ፣ «እናንተን አልዋሻችሁም፤ መሬቱ እየተናደ ነው፣ መነሣት አለባችሁ» አሏቸው። ፊት ለፊት የሰደቧቸው ነበሩ።

በማግስቱ የበላይ አለቆች ቢሮ ተጠሩ። ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ «ያን ሁሉ ሕዝብ መመለስ ስላልቻሉ አዲሱን ወሰን ተቀብለዋል። እኔን ግን ከሥራው አንሥተውኛል። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ቶሎ ንደፊው» አሉኝ። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድበው ተቀመጡ። ያን የመሰለ ባለሙያ! ዛሬም ያናድደኛል። ተጸጽተው እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ሥራዬ ይናፍቀኛል» ብቻ አሉ። የገደሉ አፋፍ ሰዎች ጎረቤት ቦታ አካፍሏቸው ሲነሡ ደግሞ፣ የጣራቸውን ቆርቆሮ በትከሻቸው ተሸክመው ያጓጓዙላቸው እኚያው የተሰደቡት ጋሽ ነጋሽ ናቸው።

ጋሼ፣ በቀብርዎ ዕለት ከዚያ ዳገት የወረደውን ሰው ቢያዩት! አብዛኛው ወጣት ነው፤ እርስዎን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የአዴ ጫልቱን የልጅ ልጅ ማን እንደላካት ጠየቅኋት። «ማንም አልላከኝም፤ እዚያ አያቴ ቤት ነው የተወለድኩት» አለችኝ። እንግዲህ በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።