በሌሶዬ ሥር የቆጠርናቸው ወፎች

ሞያሌ ባሕር የላትም። የኔ ባል ግን ከማንያታ ሰፈር በታች ያለውን ኩሬ «ባሕራችን» ይለው ነበር። ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ ዝናብ ሲጠፋ ጭቃና ፌስታል ብቻ የሚቀርበት፣ የሰፈሩ ፍየልና አህያ የሚጠጣበት ኩሬ ነው። እኔ እዚሁ ኬንያ በኩል ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃ ስቀዳበት ኖሬ ወፎቹን ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ወፍ ማየት ያስተማረኝ ከኢትዮጵያ በኩል ፍየል ሊነግድ መጥቶ በዚያው የቀረው ባሌ ነው።

እሱም ቢሆን የለመደው ፍየሎቹ ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ከተጋባን በኋላ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ይዞኝ ይወርዳል። «የሥራ ፈት ሥራ» እያልኩ አጉረመርማለሁ፤ መሄዱን ግን እሄዳለሁ። ዳክዬውን፣ ነጫጮቹን ሳቢሳዎች፣ ቄራ ደጃፍ ጠግቦ የሚመጣውን አባ ኮዳ አንድ በአንድ አሳየኝ። አባ ኮዳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ የጉምሩክ ሹም ይመስለው ነበር። «መታወቂያሽን አዘጋጂ» ይለኛል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ከዝናብ ጋር የሚመጡትን ሽመላዎች ነበር።

ኩሬው ዳር ማውራት አይቻልም፤ ወፎቹ ይሸሻሉ። ስለዚህ ባሌ የገበያውን ዘዴ አመጣ። የከብት ነጋዴዎች ዋጋ የሚነጋገሩት ሌላ ሰው እንዳያውቅባቸው በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። አንድ ጣት መያዝ አንድ ነው፣ ሁለት ጣት ሁለት። እጅን ሙሉ መጨበጥ በኛ ስምምነት «ብዙ» ማለት ሆነ። እሱም ትከሻዬ ላይ የማጣፋትን ሰፊ ጨርቅ፣ ሌሶዬን፣ ገልጦ እጁን ያስገባና ያየውን በጣቶቼ ይነግረኛል። ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች አይተውን ይስቃሉ። ስለ ፍየል ዋጋ የምንከራከር እንዳልመሰላቸው አውቃለሁ።

ስዋሂሊው ግን አልገባው አለ። በስዋሂሊ ወፍም አውሮፕላንም «ንዴጌ» ነው። ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን ግሱ ይለያቸዋል ብለውናል፤ እኛ ሞያሌዎች ግን ወፍም ይምጣ አውሮፕላን፣ «መጣ» ለማለት ያው «ንዴጌ ኢሜፊካ» ነው የምንለው። ባሌ ይህን ሲሰማ «ላባ ያለውንና ጎማ ያለውን ባንድ ስም መጥራት፣ ምን የሚሉት ስስት ነው?» ብሎ ሳቀብን። ለሱ ንዴጌ ወፍ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ድርቅ ታመመ። ኩሬው ያኔ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሶሎሎ ሆስፒታል አስተኛነው። የሚችሉትን ሁሉ አደረጉለት፤ የቀረው ሕክምና ያለው ናይሮቢ ነው፣ በመኪና ቢሄድ ደግሞ መንገዱን አይችለውም አሉኝ። በሽተኛ የምታመላልስ ትንሽ አውሮፕላን እንድትመጣለት ተጠየቀ። ጠበቅን። አቧራ ነው አሉ፤ ነገ ነው አሉ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰማዩን ሳይ «ሽመላ አየሽ እንዴ?» ይለኛል። ዝናብ ጠብ ያላደረገ ሰማይ ከየት ያመጣል ሽመላ!

አንድ ጠዋት ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ «ማማ፣ ንዴጌ ኢሜፊካ!» አለችኝ። ተመስገን ብዬ ልነሳ ስል ባሌ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ በርቷል።

«መጡ? ዘንድሮስ ቶሎ መጡ!» አለ። «ስንት ናቸው?»

አውሮፕላኗ ናት ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳይ ተውኩት። እጄን ብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼ እጁን ሙሉ ጨበጥኩት።

«ብዙ ናቸዋ!» አለ። «በይ ነይ፣ ሳይበሩ እንድረስባቸው።»

አውሮፕላኗ ያረፈችበት ሜዳ ስንደርስ ቃሬዛው ላይ እንደተኛ አንገቱን ቀና አደረገ። ነጭ ናት፤ ብቻዋን ቆማለች። ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ብርድ ልብሱ ሥር እጄን ፈለገና አንድ ጣቴን ያዘ።

«ሌሎቹ ከኋላ እየመጡ ነው» አልኩት።

«ውሸታም» አለኝ፣ እየሳቀ። ገብቶት ነበር።

ለኔ የሚሆን ቦታ አልነበራትም። በአውቶቡስ እከተልሃለሁ አልኩት። «አትቆዪ ታዲያ» አለኝ። ጣቴን የለቀቀው ቃሬዛውን ሲያነሱት ነው።

አውቶቡሱ ማርሳቢት ሳይደርስ ስልኬ ጠራ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። እዚያው ናይሮቢ ቀበርነው። ሰው ሁሉ አላህ ያጽናሽ ይለኛል፤ እኔ አልጸናሁም፣ ልቤ ተሰብሯል።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ መጣ። ተናደድኩበት። ትንሽ ቀደም ቢል ምን ነበረበት? ኩሬው ሞላ። አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤቴ ከታች እየወጣች «ንዴጌ ኢሜፊካ!» ብላ ጮኸችልኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። እኔ ግን ቁልፉ ከእጄ ወደቀ፤ መጀመሪያ ያየሁት ወደ ሰማይ ነው።

ወረድኩ። ሽመላዎቹ ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል፤ አባ ኮዳም እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። በሕይወቴ ያን ያህል ሽመላ አይቼ አላውቅም። ሌሶዬን አጣፋሁና እጄን ሥሩ ዘርግቼ ጠበቅኩ። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ አለፉ፤ አንዳቸውም አልሳቁም። ሲደክመኝ በግራ እጄ የቀኝ እጄን ጣት ያዝኩ፣ አንዷን ብቻ።